የአካባቢ ማደንዘዣ (ሎካል አኔስቴዥያ)

ጥርስ ለማስነቀል ወይም ቁስል ለማሰፋት የሄደ ሰው «በሎካል ነው የሚሠራልዎት» ሲባል ይሰማል። «ሎካል» የ«ሎካል አኔስቴዥያ» ማሳጠሪያ ነው፤ በአማርኛ «የአካባቢ ማደንዘዣ» ሊባል ይችላል። ሙሉ ሰመመን ታካሚውን ያስተኛል፤ ይህኛው ግን የሚቀደደውን ወይም የሚሰፋውን ቦታ ብቻ ያደነዝዛል።

የሕመም መልእክት ወደ አንጎል የሚደርሰው ሶዲየም በነርቭ ግድግዳ ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች እየገባ ነው። መድኃኒቱ በሮቹን ለጊዜው ይዘጋል። መልእክቱም መንገድ ላይ ይቀራል። ታካሚው መነካቱ ወይም መጎተቱ ሊታወቀው ይችላል፤ አያመውም እንጂ።

በ1884 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ሐኪሙ ካርል ኮለር ለዓይን ቀዶ ሕክምና በማደንዘዣነት የተጠቀመው በኮኬይን ነበር። ሱስ የማያስይዘውን ሊዶኬይን ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን በ1940ዎቹ ሠራ፤ እስከ ዛሬም አገልግሎት ላይ ነው። ቡፒቫኬይን የተባለው ደግሞ ለበርካታ ሰዓታት ስለሚቆይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለውንም ሕመም ያስታግሳል።

ጥቅሙ ብዙ ነው። ታካሚው በራሱ ይተነፍሳል፤ የማቅለሽለሹ ነገር ይቀንሳል፤ እንደ ሞርፊን ያሉ ብርቱ ማስታገሻዎችም በጥቂቱ ይበቁታል። እነዚሁ መድኃኒቶች በጀርባ አጥንት በኩል ሲሰጡ፣ በቀዶ ሕክምና የምትወልድ እናት ነቅታ የልጇን የመጀመሪያ ለቅሶ ትሰማለች።

አደጋው የሚመጣው መድኃኒቱ ከአካባቢው ወጥቶ በብዛት ወደ ደም ሲገባ ነው፤ መርፌው በስህተት ደም ሥር ውስጥ ሲያርፍ፣ ወይም መጠኑ ሲያልፍ። የአፍ ዙሪያ መደንዘዝ፣ የብረት ጣዕም፣ የጆሮ ጩኸት ይቀድማሉ፤ ሲብስ የሚጥል መንቀጥቀጥና የልብ መቆም ይከተላል። ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒቱን ከመልቀቁ በፊት የመርፌውን መግፊያ ወደ ኋላ ስቦ ደም አለመምጣቱን ያያል፤ መጠኑንም በታካሚው ክብደት ያሰላል። በተለመደው ስሌት ብቻውን የሚሰጥ ሊዶኬይን በኪሎ ከ4.5 ሚሊግራም አያልፍም፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 270 ሚሊግራም፣ ማለትም ከባለ 2 ፐርሰንቱ 13.5 ሚሊሊትር መሆኑ ነው። ለሕፃን ይህ ልክ በጥቂት ሚሊሊትር ይሞላል። መድኃኒቱ ወደ ደም ከገባ በደም ሥር የሚሰጥ የቅባት ፈሳሽ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

እውነተኛ አለርጂ እምብዛም አይገጥምም። ቢሆንም ቀደም ሲል ተወግተው የታመሙ፣ የልብ ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸው፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ከመወጋታቸው በፊት ይናገሩ። በሕክምናው መካከል ከንፈር መደንዘዝ ወይም ጆሮ መጮህ ከጀመረም ታካሚው ነቅቷልና ወዲያው ይናገር፤ ለሐኪሙ ከሁሉ የቀደመው ማስጠንቀቂያ ይኸው ነው።