ዲናቻርያ፦ ሥርዓተ ዕለት

ዲናቻርያ የተባለው ቃል ከጥንታዊው የሕንድ የመጻሕፍት ልሳን ከሳንስክሪት የተገኘ ሲሆን፣ «ዲና» ቀን፣ «ቻርያ» ደግሞ አካሄድ ወይም ምግባር ማለት ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ተጣምረው ሰው ከእንቅልፉ ከሚነቃበት ሰዓት ጀምሮ እስከሚተኛበት ድረስ ለጤንነቱ ሲል የሚጠብቀውን አኗኗር ያመለክታሉ። በአማርኛ «ሥርዓተ ዕለት» ብንለው ምሥጢሩ አይጎድልም፤ «ልማድ» መልካሙንም ክፉውንም በአንድነት የሚይዝ ቃል ሲሆን፣ «ሥርዓት» ግን ታስቦበትና ልክ ተወስኖለት የሚፈጸመውን ያመለክታልና።

ይህ ሥርዓት የሚገኘው አዩርቬዳ፣ ማለት «የሕይወት ዕውቀት» በተባለው የሕንድ የሕክምና ትምህርት ውስጥ ነው። በቻራካና በሱሽሩታ ስም ከሚጠሩት ጥንታውያን ድርሳናት ቀጥሎ የሚከበረውን አሽታንጋ ሕሪዳያን በ7ኛው ምእት ዓመት ገደማ ያዘጋጀው ሊቁ ቫግባታ፣ ገና የመድኃኒቱን ነገር ሳይዘረዝር ሁለተኛውን ምዕራፍ ለዲናቻርያ መስጠቱ፣ በዚያ ትምህርት ዘንድ አኗኗር ከመድኃኒት እንደሚቀድም ያስረዳል። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ይኸውም ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት መፈጠሩን እንደሚያስተምሩ፣ የሕንድ ሊቃውንትም እነዚሁኑ አራቱን ቆጥረው ጠፈርን አምስተኛ አድርገው ይጨምራሉ፤ ምግብን በሆድ ውስጥ የሚያበስለውን ኃይል ደግሞ «አግኒ» ይሉታል። አግኒ በቁሙ እሳት ስለ ሆነ፣ የትምህርት ቤት መጻሕፍትም የምግብን መፈጨት «ልመት» ስለሚሉት፣ «እሳተ ልመት» ብሎ መተርጎም የሚስማማ ይመስለኛል። እነርሱ እንደሚሉት ይህ እሳት ሲደክም ሆድ ይነፋል፣ ሰውነት ይከብዳል፤ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ያቃጥላል። የዛሬው ሳይንስ በሆድ ውስጥ የሚያገኘው አሲድንና ኤንዛይምን እንጂ እሳትን ባይሆንም፣ ከዚህ አስተሳሰብ የመነጨው ምክር ግን ለስላሳና በብዙ መንገድ የሚጠቅም ነው።

ምክሩን በአገራችን በቆቦና በራያ ሜዳ ኑሮ ላይ አድርገን ብንመለከተው ይበልጥ ይገለጥልናል። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከዞብል ተራሮች በስተ ምዕራብ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ስለ ሆነች፣ ፀሐይ ሳትበረታ መነሣት ለኗሪዋ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ ቫግባታ ጤንነቱን የሚሻ ሰው ይነሣበት ዘንድ ያዘዘው የንጋት ዋዜማ፣ በዚያ አገር አንዱ ለኪዳን ሌላው ለሱብሒ የሚነሣበት ሰዓት ነውና። ሊቁ ከዚህ አያይዞ ጥርስ በመራራ ወይም በሚያኮማትር እንጨት እንዲፋቅ ያዝዛል፤ የወይራ መፋቂያ ይዞ ደጅ ላይ የሚቆም የራያ ሽማግሌ የዚህን ትእዛዝ ስም ሳይሰማ ሥራውን ሲፈጽም የኖረ ነው። ከዚያ በኋላ ፈልቶ ለብ ያለ ውኃ ቀስ እያሉ መጠጣት ይከተላል፤ ይህም ለእኛ እጥፍ ጥቅም አለው፤ ውኃው ሲፈላ አሜባንና ጃርድያን የመሳሰሉት የሆድ በሽታ አምጪዎች ይሞታሉና። ቡናም ቢሆን በባዶ ሆድ ከሚጠጣ፣ እናቶቻችን እንደ ሠሩት ቡና ቁርስ ቀርቦለት፣ ቆሎም ሆነ ዳቦ ተቀምሶ ቢጠጣ ለጨጓራ ይቀላል።

የቀኑ ዋና ማዕድ በአዩርቬዳ ዘንድ ፀሐይ በመካከለ ሰማይ በምትሆንበት በ6 ሰዓት ገደማ ይደረጋል፤ የማታው ግን ቀለል ብሎ ከመኝታ በፊት ቀደም ተደርጎ ይበላል። ምግቡ ትኩስ፣ ያልከረመ፣ ጥቂት ንጥር ቅቤ የነካው እንዲሆን ይመከራል። የራያ ሰው ማዕድ መሠረቱ ማሽላ ነው፤ ጅጉርቲና ደጋሊት የሚባሉት የአገሩ ዘሮች ዱቄት ተቦክቶ ሊጡ እስኪቦካ ከተጠበቀ በኋላ በምጣድ የሚጋገረው እንጀራ፣ እርሾው አስቀድሞ የሆድን ሥራ በከፊል የሠራለት ምግብ ስለ ሆነ፣ ከዚህ ምክር ጋር አይጣላም። መጠንን በተመለከተ ቫግባታ ሆድን በአራት ከፍሎ ሁለቱን እጅ ለምግብ፣ አንዱን ለመጠጥ ሰጥቶ አራተኛውን ባዶ እንዲተው ያዛል፤ በቆቦ ሙስሊሞች ዘንድ የሚታወቀው ሐዲስ ሢሶውን ለምግብ፣ ሢሶውን ለመጠጥ፣ ሢሶውን ለትንፋሽ ማድረጉ፣ የክርስቲያኑም ጾም እስከ 9 ሰዓት ታግሦ ሆድን ማሳረፉ፣ ልከኝነት የአንድ ሕዝብ ብቻ ጥበብ አለመሆኑን ይመሰክራል።

ከማዕድ በኋላ ሆዱ ለሚነፋ ሰው የሕንድ ቤቶች የሚያዘጋጁት መጠጥ በቆቦ ገበያ ቅመም ብቻ ሊሠራ ይችላል። ድንብላል፣ ከሙንና የእንስላል ፍሬ እያንዳንዳቸው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ተለቅመው፣ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል ይፈላሉ፤ ውኃው ወደ ወርቅማነት ሲለወጥና የእንስላሉ መዓዛ ቤቱን ሲሞላ ወርዶ ይጠለላል፤ ሳይቀዘቅዝም ስኳር ሳይገባበት ጥቂት በጥቂት ይጠጣል። እኛ በወጥና በቅቤ ማንጠሪያ የምናውቀው ነጭ አዝሙድም ሕንዶች ለሆድ ቁርጠት የሚያላምጡት ያው ተክል ነው። ዝንጅብል ደግሞ ማቅለሽለሽን ማስታገሡ በዘመናዊ ምርምርም የተረጋገጠለት ነው። ሱሽሩታ ከምግብ በኋላ መቶ እርምጃ መራመድን ያዛል፤ የዛሬ ሐኪሞችም ከምግብ ቀጥሎ ጥቂት መንሸራሸር በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን እንደሚቀንስ ያስተምራሉ።

ሆኖም ሥርዓተ ዕለት የጤነኛ ሰው ጠባቂ እንጂ የበሽተኛ ሐኪም አይደለም። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው፣ የጨጓራን ቁስለት የሚያመጣው ባክቴርያ በ1982 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ወዲህ፣ በምርመራ ተረጋግጦ በመድኃኒት የሚድነውን ሕመም በቅመም ሻይ ማባበል ጊዜን ማባከን ሆኗል፤ ስለዚህ ሕመሙ የሚደጋገምበት፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ ደም የሚያስታውክ ወይም ሰገራው የሚጠቁር ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ነፍሰ ጡር ሴትና ዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ቅመሙን ከምግብ መጠን አሳልፈው ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። «የአዩርቬዳ መድኃኒት» ተብሎ የሚሸጠውን እንክብልና ዱቄት ግን ከዚህ ከለስላሳው ሥርዓት ለይቶ ማየት ይገባል፤ በአሜሪካ በቦስተን አካባቢ ከተሸጡት 70 ዓይነቶች መካከል በ14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ መገኘቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጥቷልና። ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ የማይጎዳ አለመሆኑን እኛም ከኮሶ ተምረናል፤ አባቶቻችን የሆድን ትል ያስወጡበት ይህ ብርቱ መድኃኒት ከልኩ ሲያልፍ የዓይንን ብርሃን እስከ መጉዳት ይደርሳል።

እንግዲህ ዲናቻርያ ወይም ሥርዓተ ዕለት ስንል በማለዳ መነሣትን፣ የፈላ ውኃን፣ ትኩስ የቀትር ማዕድን፣ ልከኛ ሆድን፣ ጥቂት መንሸራሸርንና ቀደም ያለ እራትን በአንድ ቃል መጥራታችን ነው። ከእነዚህ አብዛኛዎቹ በራያ ቤቶች ተበታትነው የሚገኙ ሲሆኑ፣ የጎደላቸው በየዕለቱ ሳይቋረጡ ተያይዘው መጠበቃቸው ነው። ጀማሪ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልያዝ ቢል ቶሎ ይሰለቻል፤ አንዱን፣ ለምሳሌ እራትን ቀደም ማድረግን መርጦ እስኪለምደው ቢጸና፣ ሁለተኛውን ለመጨመር አቅም ያገኛል፤ ጤንነትም እንዲህ ባለ ትንሽ ትእግሥት ይጠበቃል።