ድምፃዊው ለምርጫ ሲሄድ

የስኮትላንዱ ባንድ ረንሪግ እ.ኤ.አ. በ1997 ድምፃዊውን ያጣው በጠብ ወይም በገንዘብ ጭቅጭቅ አልነበረም። ዶኒ መንሮን የወሰደው ፖለቲካ ነው። ለሃያ ሦስት ዓመታት ከባንዱ ፊት ቆሞ ሲዘፍን የኖረው ሰው፣ በዚያ ዓመት በተደረገው የብሪታንያ ጠቅላላ ምርጫ የሌበር ፓርቲ እጩ ሆኖ ቀረበ። የምርጫ ክልሉ የተወለደበትን የስካይ ደሴት የሚያጠቃልል ነበር። ወንበሩን የያዘው የሊበራል ዴሞክራቱ ቻርልስ ኬኔዲ ግን አላስነካውም። መንሮ ቢሸነፍም ሐሳቡን አልለወጠም፤ በኦገስት ስተርሊንግ ግንብ ላይ የስንብት ኮንሰርቱን አቅርቦ ሄደ።

ድምፃዊውን ያጣ የሮክ ባንድ ብዙውን ጊዜ ወይ ይበተናል፣ ወይ የቀድሞውን ሰው ድምፅ የሚያስመስል ወጣት ፈልጎ በድሮ ዘፈኖች ሲዞር ይከርማል። ረንሪግ ሁለቱንም አላደረገም። ለምን እንደሆነ የሚገባው አነሳሱን ላወቀ ነው።

ባንዱ የተቋቋመው በ1973 ስካይ ላይ ነው። ሮሪና ካለም ማክዶናልድ የተባሉ ወንድማማቾች ከአኮርዲዮን ተጫዋቹ ብሌር ዳግላስ ጋር ሆነው በዳንስ ምሽቶች ሰው ያስጨፍሩ ነበር፤ መንሮ የተቀላቀላቸው በዓመቱ ነው። በ1978 ያወጡት የመጀመሪያ አልበም ከዳር እስከ ዳር በጌሊክ ቋንቋ የተዘፈነ ነበር። ገበያን የሚያስላ ሰው እንዲህ አያደርግም። የ1872ቱ የስኮትላንድ የትምህርት ሕግ ለጌሊክ በትምህርት ቤት ቦታ አልሰጠውም፤ በ1991 ሕዝብ ቆጠራ የቋንቋው ተናጋሪዎች በመላ ስኮትላንድ 66,000 ገደማ ብቻ ነበሩ። የደሴቶቹ ወጣቶች የአያቶቻቸውን ቋንቋ በኤሌክትሪክ ጊታርና በከበሮ ታጅቦ መስማት ገና አዲስ ሆኖባቸው ነበር።

ገበያው ግን ዘግይቶም ቢሆን መጣ። በ1991 ሎክ ሎሞንድ ሐይቅ ዳር ባቀረቡት ኮንሰርት ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ታደመ። በ1993 «አሜዚንግ ቲንግስ» የተሰኘው አልበማቸው በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በ1995 ደግሞ በቢራ ማስታወቂያ የታወቀ አንድ የጌሊክ ዘፈናቸው 18ኛ ሆነ፤ በስኮትላንድ ጌሊክ የተዘፈነ ሙዚቃ ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ተርታ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነበር። ትምህርት ቤት የነፈገውን ቦታ ቢራ ሰጠው ማለት ነው።

ሕዝቡ የሚያውቀው ድምፅ የመንሮ ነበር። ግጥሙንና ዜማውን በአብዛኛው የሚሠሩት ግን ማክዶናልድ ወንድማማቾች ነበሩ፤ ሮሪ ቤዝ ጊታሩን ይዞ፣ ካለም ከምት መሣሪያዎቹ ኋላ ተቀምጦ። ባንዱን ከመበተን ያዳነውም ይኸው ይመስላል። ጉሮሮው ሄደ፤ ብዕሩ ቀረ።

ተተኪው በ1998 ከአትላንቲክ ማዶ መጣ። ብሩስ ጉትሮ የካናዳ ሰው ነበር፤ በኖቫ ስኮሺያ የኬፕ ብሬተን ደሴት ልጅ፣ የራሱን ዘፈን የሚጽፍና በአገሩ ስም ያወጣ ድምፃዊ። ኬፕ ብሬተን ለረንሪግ ባዕድ አገር አይደለም። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 19ኛው አጋማሽ ድረስ የስኮትላንድ ሰሜናዊ ተራሮችና ደሴቶች ባለርስቶች በግ ማርባት የበለጠ ያዋጣል ብለው ጭሰኞቻቸውን ከመሬታቸው አፈናቅለዋል። ከተፈናቀሉት ብዙዎች በመርከብ ተሳፍረው ኖቫ ስኮሺያ ሲገቡ ቋንቋቸውንና የቫዮሊን ዜማቸውን አልተዉም። የማክዶናልድ ወንድማማቾች ዘፈኖች ስለዚህ መፈናቀል ደጋግመው ያነሳሉ። የስካይ ልጅ ሲዘፍነው የኖረውን የስደት ሐዘን፣ አሁን የሚዘፍነው ስደተኞቹ ባረፉበት ደሴት ያደገ ሰው ሆነ። ማንም አቅዶት እንዲህ አያምርም።

አንድ እክል ግን ነበር፤ ጉትሮ ጌሊክ ተናጋሪ አልነበረም። በ1999 ባንዱ በራሱ ሪጅ ሬከርድስ በኩል ባወጣው «ኢን ሰርች ኦቭ ኤንጅልስ» አልበም ይህ የተፈታው በሥራ ክፍፍል ነው። የእንግሊዝኛዎቹን ዘፈኖች ጉትሮ ወሰደ፤ ጌሊኩን ይዞ ሮሪ ወደ ፊት ወጣ። ከዘፈኖቹ አንዱ «ሁሉም ነገር መለወጥ አለበት» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ ይዟል፤ አድማጭ ሊያነሳ ያለውን ጥያቄ አስቀድመው የመለሱ ይመስላል።

በድምፅ በኩል ልዩነቱ ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ይሰማል። መንሮ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ፊት እንደቆመ ሰው ድምፁን ዘርግቶ ይዘፍን ነበር። ጉትሮ ለስለስ ያለ፣ ካንትሪ ሙዚቃ የሚሸተው፣ አጠገብ ላለ ሰው የሚያወራ ዓይነት ነበር። አልበሙ የባንዱ ምርጥ ሥራ አይደለም፤ ኪቦርዱ አንዳንድ ቦታ ሻካራ መሆን የሚገባውን ነገር ያለሰልሰዋል፣ ጥንቃቄም ይበዛበታል። ነገር ግን የማልኮም ጆንስ ጊታርና የኢየን ቤይን ከበሮ የድሮው ናቸው፤ ጉትሮም መንሮን ለመምሰል አንድም ቦታ አልሞከረም። ይህ ቀላል አይደለም፤ በየምሽቱ የሌላ ሰው ዘፈን በሌላ ሰው አድማጭ ፊት ይጠበቅበት ነበርና።

ለውጡ በዚህ አላበቃም። በ2001 ኪቦርዲስቱ ፒት ዊሻርት የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲን ወክሎ የብሪታንያ ፓርላማ ገባ፤ ለመንሮ ያልሆነው ለእሱ ሆነ። በምትኩ ብራያን ሀረን መጣ፤ በዚያው ዓመት «ዘ ስታምፒንግ ግራውንድ» ታተመ። በ2007 ለበጎ አድራጎት ዳግም የተቀዳው «ሎክ ሎሞንድ» የተሰኘ ዘፈናቸው በብሪታንያ ዘጠነኛ ደረጃ ደረሰ።

ከድሮ አድማጮች መካከል እስከ መጨረሻው መንሮን የሚሉ ነበሩ። በዴንማርክና በጀርመን መድረኮች ግን ጉትሮ አብሯቸው እየዘፈነ ባንዱ ሰፊ አድማጭ ይዞ ዘልቋል። ረንሪግ በ2018 ሲያቆም ያ «አዲሱ ድምፃዊ» ሃያ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ከመንሮ ዘመን በሦስት ዓመት ብቻ ያነሰ።