የከተማ ዳር የት ነው?

የከተማ ፕላን ነገር ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ሰፊ መንገድና ወደ ረጅም ሕንፃ ነው። እኔ ግን የከተሞቻችንን ታሪክ ባገላበጥሁ ቁጥር «ለመሆኑ የከተማ ዳር የት ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣብኛል። ፕላን ማለት ዞሮ ዞሮ መስመር ማስመር ነውና። እስከዚህ ከተማ፣ ከዚያ ወዲያ እርሻ፤ ይህ ለገበያ፣ ያ ለመኖሪያ ማለት ነው። መስመሩ ከተሰመረ በኋላ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው የአዲስ አበባው ልደታ ጥሩ መምህር ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማ ከመሆኗ በፊት የጦር ሰፈር ነበረች ማለት ይቻላል። ቤተ መንግሥቱ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ተተከለ። መኳንንቱ በዙሪያው በየጉብታው መሬት ተሰጣቸው፤ ሎሌው፣ ወታደሩና ባለሙያው ደግሞ በየጌታው አጠገብ ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ቅሪቶች ናቸው። በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝና ሜዳ ነበር። ይህ ሥርዐት የለውም አይባልም። ሥርዐቱ ግን ነገ ለሚነሣ ሠራዊት እንጂ ለሚቀመጥ ሕዝብ የታሰበ አልነበረም። እንዲያውም ማገዶ ሲያልቅ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ካለችበት ያቆያት የባሕር ዛፍ መምጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣው የመሬት ደንብ የከተማ ቦታ በግል እንዲያዝና እንዲሸጥ ፈቀደ፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡር ገባ። ሰፈሩም ከተማ ሆኖ ቀረ።

በወረቀት ላይ የተነደፈ ፕላን በስፋት የመጣው ከጠላት ጋር ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን እንደያዘ ስመ ጥሩው የሕንፃ ንድፍ ሊቅ ሌ ኮርቡዚዬ ሳይቀር ለሙሶሊኒ ንድፍ ልኮ ነበር። ሥራውን የያዙት ግን ጉዊዲና ቫሌ የተባሉት ጣሊያናውያን ናቸው። የፕላናቸው ዋና ሐሳብ ነጩንና ጥቁሩን መለየት ነበር። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ መርካቶ ተወለደ፤ «የአገሬው ተወላጅ» መኖሪያም ወደዚያው ወገን ተመደበለት። ጠላት በአምስት ዓመቱ ተባረረ፤ መርካቶ ግን እዚያው ቀረ። አገዛዝ ያልፋል፤ የከተማ መስመር ግን ካሰመረው እጅ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል።

እንግዲህ ወደ ልደታ እንምጣ። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ መነሻው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ይፈልጋል፤ ሕዝብ በተጨናነቀበት አይሠራም። የልደታ ሜዳ በዚያን ጊዜ የከተማ ዳር እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የጄት አውሮፕላን ሲመጣ የልደታ ማኮብኮቢያ አጠረ፤ አዲስ ማረፊያ በቦሌ ተሠራ። ቦሌም ያኔ ዳር ነበር። ዛሬ ቦሌን ዳር የሚል ቢኖር ይሳቅበታል። አሁን ደግሞ ለሌላ ታላቅ አውሮፕላን ማረፊያ የታሰበው የቢሾፍቱ አካባቢ ነው። ዳሩ ከልደታ ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ ወደ ቢሾፍቱ ሲሸሽ የአንድ ሰው ዕድሜ ብቻ በቃው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ፕላን ጠፍቶ አልነበረም። በ1940ዎቹ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ቀለበት መንገድ ያላት ከተማ ነደፉ። ፈረንሳዊው ዴ ማሪየን፣ ሀንጋሪያዊው ፖሎኒ በየተራቸው መጡ። በ1978 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የጣሊያን ባለሙያዎች ያዘጋጁት ማስተር ፕላን የጸደቀው በ1986 ዓ.ም. ነው። ስምንት ዓመት! ሕዝቡ ግን ስምንት ዓመት አልጠበቀም፤ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ድሮ፣ እድር አቋቁሞ ቆየ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሏል ይህ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የቀበሌ ቤት ኪራይ እጅግ ዝቅተኛ ነበርና ድሀውን ከጎዳና አድኖታል። ነገር ግን ተከራዩ የእኔ ነው ብሎ አያድሰው፣ ቀበሌው ከኪራዩ ጠግኖ አይዘልቀው፤ የጭቃው ግድግዳ እያዘመመ፣ ቤተሰቡ እየበዛ ሄደ። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ግድም በልደታ 26 ሄክታር ያህል ቦታ ለመልሶ ማልማት ፈረሰ፤ ኮንዶሚኒየምና የንግድ ሕንፃ ተሠራበት። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ ቀላል ባቡሩ ከላይ ማለፍ ጀመረ። ለተነሺው ኮንዶሚኒየም የመግዛት ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት የመውሰድ ምርጫ ነበረው። ቅድመ ክፍያው ከየት ይምጣ? በደጇ እንጀራ ጋግራ፣ በጉልት ሽንኩርት ቸርችራ ለምታድር እናትስ አራተኛ ፎቅ ላይ ገበያው የት አለ? ብዙው ሰው ወደ አዲሱ ዳርቻ ሄደ። የትናንቱ ዳር መሐል ሲሆን የትናንቱ ነዋሪ ዳር ወጣ።

ይህን ታሪክ የማነሣው ለትናንሾቹ ከተሞቻችን ብዬ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከተሞች በፕላን እንዲመሩ ይደነግጋል። መዋቅራዊ ፕላን አለ፤ የአካባቢ ልማት ፕላን አለ። ሕጉ መልካም ነው። ግን ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ በ2006 ዓ.ም. አይተናል። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት የኦሮሚያ ከተሞች ጋር የሚያቀናጀው ፕላን ሲሰማ፣ መስመሩ በማሳው ላይ ሊያልፍ መሆኑን ያወቀው ገበሬ ማን ጠየቀኝ አለ። ተቃውሞው ብዙ ሕይወት ካስከፈለ በኋላ ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ።

ስለዚህ ገና ሁለት ዋና መንገድና አንድ የቅዳሜ ገበያ ያላት ከተማ መሐንዲስ ስትጠራ አስቀድማ ሁለት ነገር ብታደርግ ይበጃታል። አንደኛ፣ የነገውን መንገድ፣ የወንዙን ዳርቻና የትምህርት ቤቱን ቦታ ሰው ሳይሰፍርበት ለይታ ትያዝ፤ ባዶ መሬት ላይ መስመር ማስመር ርካሽ ነው፣ በሰው ቤት ላይ ሲሆን ግን ዋጋው አይቻልም። ሁለተኛ፣ በካርታው ላይ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም፣ ተከራዩንም፣ ገበሬውንም፣ እድሩንም ትመዝግብ። ዛሬ ዳር ብላ የምታልፈው ሜዳ የልጆቿ መሐል ከተማ ነውና።