በሮቦት የታገዘ የሳንባ ቀዶ ሕክምና

በሮቦት የታገዘ የሳንባ ቀዶ ሕክምና ደረት በሰፊው ሳይከፈት የታመመውን የሳንባ ክፍል ለማውጣት የሚያገለግል ዘዴ ነው። በአብዛኛው የሚሠራው ገና ላልተሠራጨ የሳንባ ካንሰር ነው። ስሙ ሮቦት ይባል እንጂ ማሽኑ በራሱ አይወስንም፤ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ የሚመራው ሐኪሙ ነው።

የሚወጣው ክፍል

ቀኝ ሳንባ ሦስት፣ ግራ ሳንባ ሁለት ሎብ የሚባሉ ክፍሎች አሉት። አንድን ሎብ በሙሉ ማውጣት ሎቤክቶሚ ይባላል። ከሎቡ ንዑስ ክፍል ብቻ ማውጣት ደግሞ ሴግሜንቴክቶሚ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ በሳንባ ዳርቻ ላይ ለሚገኝና ከ2 ሴንቲሜትር ለማይበልጥ ዕጢ ከሎብ ያነሰ ክፍል ማውጣት ከሎቤክቶሚ ያላነሰ ውጤት እንዳለው አሳይተዋል።

አሠራር

ሕመምተኛው ሙሉ ሰመመን ይሰጠዋል፤ በአንዱ ሳንባ ብቻ እየተነፈሰ የሚታከመው ሳንባ አየሩ እንዲወጣ ይደረጋል። በጎድን አጥንቶች መካከል በሚከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያዎች ይገባሉ። ሐኪሙ ከአልጋው ራቅ ብሎ ተቀምጦ ጥልቀት ያለው ምስል እያየ መሣሪያዎቹን በእጁ ይመራል። ረዳት ሐኪም አልጋው አጠገብ ይቆማል፤ ትልቅ የደም ሥር ቢደማ ቡድኑ ደረቱን ወዲያው ለመክፈት ዝግጁ መሆን አለበት።

ታሪክ

ዳ ቪንቺ የተባለው ማሽን በአሜሪካ ለቀዶ ሕክምና የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በሮቦት ስለተሠራ የሳንባ ቀዶ ሕክምና የመጀመሪያዎቹ ዘገባዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ከጣሊያን ወጡ። ከ2010 ወዲህ በአሜሪካና በሌሎች ሀብታም አገሮች አጠቃቀሙ በፍጥነት አድጓል።

ጥቅምና ገደብ

ደረት ከፍቶ ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር ሕመሙ ይቀንሳል፤ ሕመምተኛውም ቶሎ ከሆስፒታል ይወጣል። ሆኖም ያለ ሮቦት በካሜራ ብቻ በትንንሽ ቀዳዳ ከሚሠራው ጋር ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ማሽኑ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል፤ መሣሪያዎቹም ከተወሰነ አገልግሎት በኋላ ይተካሉ።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ለከፍተኛ ሕክምና የሚላክ ሕመምተኛ በዚሁ መንገድ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታና ክብደት መቀነስ የነቀርሳም የካንሰርም ምልክቶች በመሆናቸው ካንሰር እንደ ነቀርሳ ሊታከምና ጊዜ ሊባክን ይችላል። ስለዚህ በነቀርሳ መድኃኒት ያልተሻለው ሰው ሲቲ ስካንና የናሙና ምርመራ ያስፈልገዋል። ካንሰሩ ከተሠራጨ በኋላ ከተደረሰበት ቀዶ ሕክምና፣ በሮቦትም ሆነ በእጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ አማራጭ አይሆንም።