ከኮሶ እስከ አልቤንዳዞል፦ የዶሮ ትል መድኃኒት ታሪክና የአባላት ምርጫ

«ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» የሚለው ተረት በወሎ ደጋም የታወቀ ነው። ተረቱ የተነገረው ለሰው ቢሆንም ለዶሮዋ ራሷም እውነትነት አለው። በጓሮና በአውድማ ስትጭር የምትለቅመው ጉንዳን፣ ጢንዚዛና የምድር ትል በሆዱ የጥገኛ ትል እጭ ይዞ ወደ ሆዷ ይገባል። ጭራ ያወጣችው ካራ ይህ ነው። ላባዋ ይንጨባረራል፣ ኩክኒዋ ይነጣል፣ እየበላች ትከሳለች፣ እንቁላል መጣሏንም ትቀንሳለች። ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት ጫጩቶችና ገና እንቁላል ያልጀመሩ ቄቦች ናቸው።

ከጉጉፍቱ አንስቶ በአቀስታ በኩል እስከ መካነ ሰላም ባለው ደጋ ዶሮ በአብዛኛው የሴቶች ሀብት ናት። ጨው፣ ጋዝና የልጆች ደብተር የሚገዛው ከእንቁላል በሚገኝ ሳንቲም ነው። በመሆኑም የዶሮ ትል መድኃኒት ከየት ተነስቶ እስከ መንደራችን እንደደረሰ፣ ሲገዛም ምን መታየት እንዳለበት ማወቅ ለማኅበራት አባላት ጠቃሚ ይሆናል።

ኮሶና ወስፋት

የደጋው ሕዝብ ስለ ሆድ ትል ያለው ዕውቀት የቆየ ነው። በደጋ የሚበቅለው የኮሶ ዛፍ አበባ ደርቆና ተወቅጦ ሲጠጣ የኖረው ጥሬ ሥጋ ከመብላት የሚመጣውን ጥብጣብ መሳይ ትል ለማስወጣት ነው። ትሉም ስሙን ያገኘው ከመድኃኒቱ ነው። እንቆቆና መተሬም ለዚሁ ትል የሚወሰዱ ነበሩ። ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለ ኮሶ ዛፍ ከጻፈ በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የኮሶ አበባ ወደ አውሮፓ እየተጫነ በፋርማሲዎች ይሸጥ ነበር። ያኔ የትል መድኃኒት የሚሄደው ከእኛ ወደ ውጭ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ዕውቀት ውስጥ ዛሬም ትልቅ ጥቅም ያለው አንድ ነገር አለ። ሕዝቡ ጠፍጣፋውንና ቁርጥራጭ የሆነውን ትል «ኮሶ»፣ ድብልብሉንና ረጅሙን ደግሞ «ወስፋት» ብሎ ለይቷቸዋል። በዶሮም ሆድ ውስጥ ያሉት ትሎች በእነዚሁ በሁለቱ ወገኖች ይከፈላሉ።  ዶሮ ስትታመም ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ይሰጣታል። ከሞተች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ፈንግል ነው። ፈንግል ግን በአጭር ቀናት መንደር የሚጨርስ የቫይረስ በሽታ ሲሆን መከላከያው ክትባት ነው። የትል መድኃኒት ፈንግልን አያድንም፣ የፈንግል ክትባትም ትል አያስወጣም።

ከባሕር ማዶ የመጡት

በሌላው ዓለም ዘመናዊ የትል መድኃኒቶች አንድ በአንድ የተገኙት በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ፌኖቲያዚን፣ በ1950ዎቹ ፒፔራዚን ሥራ ላይ ዋሉ። በ1961 ቲያቤንዳዞል፣ በ1966 ደግሞ በቤልጅየም የተገኘው ቴትራሚዞል ተከተሉ። የቴትራሚዞል ተከታይ የሆነው ሌቫሚዞል ነው። በ1970ዎቹ ፌንቤንዳዞል፣ አልቤንዳዞልና ፕራዚኳንቴል ወጡ።

እነዚህ ሁሉ «የትል መድኃኒት» ይባሉ እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም። ፒፔራዚን የዶሮን ትልቁን ወስፋት አደንዝዞ ከኩስ ጋር እንዲወጣ ያደርጋል፣ ኮሶውን ግን አይነካም። ሌቫሚዞልም ድብልብል ትሎችን እንጂ ኮሶን አይገድልም። ፕራዚኳንቴል በአንጻሩ የኮሶ ጠላት ሲሆን ወስፋትን አይነካም። አልቤንዳዞልና ፌንቤንዳዞል በሁለቱም ወገን ላይ ይሠራሉ፤ ይሁን እንጂ ለኮሶው የሚያስፈልገው መጠን ለወስፋቱ ከሚያስፈልገው ከፍ ይላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የውጭ ዝርያ ዶሮዎችን የማጥናትና የማሰራጨት ሥራ በዓለማያ እርሻ ኮሌጅ የተጀመረው በ1940ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ነው። በአካባቢያችን ደግሞ የኮምቦልቻ የዶሮ ብዜት ማዕከል ያሰራጫቸው ሮድ አይላንድ ሬድ ዶሮዎች በብዙ ቤት ይታወቃሉ። በ1956 ዓ.ም. በደብረ ዘይት የተቋቋመው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባት ሲያመርት፣ የትል መድኃኒት ግን በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ሆኖ ቆይቷል። የገባውም መጀመሪያ ለከብትና ለበግ ታስቦ ነበር። ጥቂት ዶሮ ያላት እማወራ ከክሊኒክ የምታገኘው ለሌላ እንስሳ የተሠራ ክኒን የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

1991 ዓ.ም.

ለዚህ ታሪክ 1991 ዓ.ም. ልዩ ዓመት ነው። በታኅሣሥ ወር የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ወጣ። በዚያው ዓመት የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 176/1991 ታወጀ። በዚሁ ዓመት ደግሞ ተመራማሪዎች በአማራ ክልል አራት ወረዳዎች ጭረው የሚያድሩ 267 ዶሮዎችን ሆድ መርምረው ከመቶ 91 ያህሉ ትል እንዳለባቸው አረጋገጡ። ትልቁ ወስፋት የተገኘው ከመቶ 36 ገደማ በሚሆኑት ላይ ነበር። ከኮሶ ወገን የሆነ አንድ ዝርያ ብቻውን ከመቶ 46 ገደማ በሚሆኑት ላይ ተገኝቷል። የትሎቹ ስርጭትም በደጋ፣ በወይና ደጋና በቆላ የተለያየ ነበር።

የዚህ ጥናት ትርጉም ግልጽ ነው። ለወስፋት ብቻ የሚሆን መድኃኒት የገዛ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ብዙውን ትል በዶሮዋ ሆድ ትቶ ይመለሳል። «መድኃኒቱ አይሠራም» የሚባለው አቤቱታ አንዳንዴ የመድኃኒቱ ጥፋት ሳይሆን የምርጫው ጥፋት ነው።

ከዚያ ወዲህ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 728/2004 ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ያገኘ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. ሥራው ወደ ኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ተጠቃሏል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ደግሞ በየቤቱ የዶሮ ቁጥር እንዲበዛ ግፊት ፈጥሯል። በአንድ ጠባብ ግቢ የዶሮ ቁጥር በጨመረ ቁጥር የትሉም እንቁላል በኩሱ ውስጥ ይጨምራል።

አንድ ክኒን ለስንት ዶሮ?

ትልቁ ችግር የመጠን ነው። ለከብት የሚሆነው የአልቤንዳዞል ክኒን 2,500 ሚሊግራም፣ የበጉ 300 ሚሊግራም ነው። አንድ ኪሎ ተኩል የምትመዝን ዶሮ በኪሎ 20 ሚሊግራም ቢታሰብላት የሚያስፈልጋት 30 ሚሊግራም ብቻ ነው። በዚህ ሒሳብ የበጉ ክኒን ለ10 ዶሮ፣ የከብቱ ደግሞ ለ83 ዶሮ ይበቃል። የከብቱን ክኒን በዓይን ግምት ሩብ ቆርጦ ለአንዲት ዶሮ መስጠት ከሚገባት ሃያ እጥፍ ማጉረስ ነው። በተቃራኒው አሳንሶ መስጠት ትሉን ሳይገድል መድኃኒቱን ያለማምደዋል።

ስምንት ዶሮ ላላት አንዲት እማወራ ትልቁ ክኒን ወይም ትልቁ ጠርሙስ የማይመጥን ግዢ ነው። አሥር ጎረቤታሞች ስምንት ስምንት ዶሮ ቢኖራቸው ግን 80 ዶሮ ይሆናል፤ ለአንዷ የበዛው ለአሥሩ ልክ ይመጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እንዲህ ላለው ነው። በተጨማሪም የጎረቤት ዶሮዎች የሚጭሩት በአንድ ደጅ በመሆኑ፣ በአንድ ቀን አብረው ካልታከሙ የታከመችው ካልታከመችው ወዲያው ትወስዳለች።

ሲገዛ ምን ይታይ?

ከዚህ በመነሣት አባላት የሚከተሉትን ቢያስተውሉ ይጠቅማቸዋል፦

አንደኛ፣ ከመግዛት በፊት ትሉ ይታወቅ። የኩስ ናሙና ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ መውሰድ ወይም የሞተች ዶሮ አንጀት በባለሙያ ከፍቶ ማየት ኮሶውን ከወስፋቱ ይለያል።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ ከሕጋዊ የእንስሳት መድኃኒት መደብር ይገዛ። በገበያ ቀን በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥ፣ ማሸጊያው የተከፈተ ወይም የአገልግሎት ጊዜው የማይነበብ ክኒን በርካሽ ቢገኝም አይገዛ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንዳይሆን።

ሦስተኛ፣ መጠኑን ባለሙያ ይወስን። የአልቤንዳዞል ዱቄት በውኃ ሥር ይዘቅጣል፤ ስለሆነም በደንብ ከታሸ እርጥብ መኖ ጋር ቢደባለቅ ይሻላል።

አራተኛ፣ ከሕክምና በኋላ እንቁላሉና ሥጋው ለስንት ቀን እንደማይበላ ባለሙያው ይጠየቅ፣ ጽሑፉም ይነበብ።

አምስተኛ፣ ከሕክምናው በኋላ የቆጡ ሥር ኩስ ተጠርጎ ይውጣ፣ ጫጩቶችም ከትልልቆቹ ተለይተው ይደጉ። ይህ ካልሆነ የወስፋቱ እንቁላል በእርጥብ አፈር ውስጥ ለወራት ቆይቶ መልሶ ይይዛቸዋል።

የኮሶ ዘመን ሰው የትሉን ዓይነት ለይቶ ያውቅ ነበር። የመድኃኒቱ ዓይነት በበዛበት በዛሬው ጊዜ ለዶሮዋም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋታል። መሠረታዊ ማኅበራት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በጋራ እንደሚያቀርቡ ሁሉ፣ ከወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ጋር ተመካክረው የዶሮ ትል መድኃኒትንም በጎጥ ደረጃ በጋራ ገዝተው በአንድ ቀን ቢያሰጡ ወጪው ለእያንዳንዷ እማወራ ጥቂት ሳንቲም፣ ትርፉ ግን እንቁላል የምትጥል ዶሮ ይሆናል።