የሞርባት ልጃገረዶች ካዝና

በዚህ እትም የምናነሳው ታሪክ የሩቅ አገር ቢሆንም ነገሩ ለማኅበርተኛ ሁሉ ቅርብ ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን፣ ሞርባት የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አለች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሯት አባወራዎች 33 ያህል ነበሩ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያኗ ሕንፃ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ተለውጧል፤ ሂሳብ ለምንሠራ ለእኛ ግን ከግድግዳው ይልቅ መዝገቡ ይበልጥብናል።

መዝገቡን የጻፉት ከ1520 እስከ 1574 እ.ኤ.አ. ያገለገሉት ቄስ ክሪስቶፈር ትሪኪ ናቸው። ሂሳቡ በሕዝቡ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ በጎች በየገበሬው ቤት ተከፋፍለው ይረባሉ፤ ሱፋቸው ተሸጦ ገቢ ይሆናል። እንደ ጠላ ያለ የገብስ መጠጥ ጠምቀውም በድግስ ይሸጣሉ። ያላገቡት ልጃገረዶች ደግሞ የራሳቸው ካዝናና የራሳቸው ተመራጭ ገንዘብ ያዦች ነበሯቸው። አዋጥተው በቅዱሳን ምስሎች ፊት ለሚበራው ጧፍ ያውላሉ፤ የሰበሰቡትንም ልክ እንደ ወጣት ወንዶቹ ለመንደሩ ያስረክባሉ። ባሏ የሞተባት ሴትም ተራዋ ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ዋና ተጠሪ ትሆን ነበር። ይህ እንግዲህ የዛሬ 500 ዓመት ገደማ ነው!

ቄሱም ለፍትሐት የሚለበስ ጥቁር ልብሰ ተክህኖ ለመግዛት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በጎች ሱፍ የሚደርሳቸውን አሥራት እየተዉ 20 ዓመት ያህል አጠራቀሙ።

በ1538 የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ መንግሥት በምስል ፊት ጧፍ እንዳይበራ አዘዘ። የልጃገረዶቹ ካዝና የተዘጋው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጉድለት ተገኝቶ ሳይሆን ትእዛዝ መጥቶ። ጥቁሩ ልብስ ተሟልቶ የተገኘው በ1547 ሲሆን ብዙም ሳይቆይ የሙታን ፍትሐት ተከለከለ። ምን ያህል እንዳንገበገባቸው መገመት አያቅትም። በጎቹ ተሸጡ፣ የድግሱ ገቢም ቀረ።

በ1549 አዲሱን የጸሎት መጽሐፍ በመቃወም ዓመፅ ሲነሳ ሞርባት አምስት ወጣቶችን አስታጥቃ ኤክሰተር አጠገብ ወደ ሰፈሩት ዓመፀኞች ላከች። ወጪው እዚያው መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የታሪክ ምሁሩ ኤመን ደፊ በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አስፍተው ጽፈውበታል። ዓመፁ በሺዎች ሞት አበቃ።

በ1553 ንግሥት ሜሪ ስትነግሥ፣ በየቤቱ ተደብቆ የነበረው የቤተ ክርስቲያን ንብረት ይመለስ ጀመር። አንዱ ምስል፣ ሌላው መጽሐፍ ይዞ መጣ፤ ቄሱም ያመጣውን ሰው ከነስሙ መዘገቡ።