ከቀንጢቻ ማዕድን እስከ አንድ ንብርብር

ከወልዲያ ወደ ቆቦ የሚሄድ መንገደኛ ጎብዬ ላይ ወርዶ ሱቅ ቢጠይቅ እርሳስና ስኮች አያጣም። የእርሳሱ ጥቁር ክፍል ግራፋይት አለበት። ስኮቹን ግራፋይት ላይ ለጥፎ መንጨት፣ የተነሣውን በሌላ ስኮች ደግሞ መላጥ፣ ጥቁሩ ወደ ግራጫ እስኪሳሳ መደጋገም፤ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ አቶም ብቻ የሚወፍረውን ግራፊን የለዩት በዚሁ ዘዴ ነው። በ2010 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ።

መላጡ ግን ከእነሱ ይቀድማል። የፊዚክስ ተመራማሪው ሮበርት ፍሪንት በ1960ዎቹ ካምብሪጅ ውስጥ ሞሊብደነም ዳይሰልፋይድን ጥቂት ንብርብር እስኪቀረው አሳስተውት ነበር። በ1972 ፊታቸውን ወደ ኒዮቢየም ዳይሴሌናይድ መለሱ። ይህ ክሪስታል ወፍራም ሲሆን ከዜሮ በታች 266 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ ያሳልፋል። ፍሪንት ንብርብሩ ባነሰ ቁጥር የበለጠ ቅዝቃዜ እንደሚፈልግ አሳዩ። ለእኔ የዚህ ታሪክ እምብርት ይህ ነው፦ ቁሱ ሳይለወጥ ውፍረቱ ብቻ እንደ ሙቀት ሁሉ የኤሌክትሮኖቹን ጠባይ ይወስናል። አጎራባች ንብርብር ሲጠፋ ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ የሚገፋፉበት ኃይል ይበረታል፤ በጠፍጣፋ ዓለም ሥርዓትን የሚያናጋው መዋዠቅም እንዲሁ።

ያው ክሪስታል ሌላም ለውጥ አለው። ከዜሮ በታች 240 ዲግሪ ገደማ ላይ ኤሌክትሮኖቹ በእኩል ርቀት ይከማቻሉ፣ አቶሞቹም አብረው ይንሸራተታሉ። በ2015 አንድ ቡድን አንዱን ንብርብር ሳፋየር ላይ አስቀምጦ ሲለካ ለውጡ ከዜሮ በታች 128 ዲግሪ ላይ ሆኖ አገኘው። ግራፊን ላይ ያበቀሉት ሌሎች ግን ከወፍራሙ ብዙም የተለየ ነገር አላዩም። ይህን አለመግባባት እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። የሳሳ ክሪስታል ብቻውን አይኖርም፤ የተቀመጠበት ወለልም የእሱ አካል ይሆናል።

መሳሳት ጠባይን የሚለውጠው በኒዮቢየም ውሁድ ብቻ አይደለም። በጉጂ የቀንጢቻ ማዕድን ውስጥ ታንታለምና ኒዮቢየም አብረው ይገኛሉ። ታንታለም ከድኝ ጋር ሲዋሃድ ታንታለም ዳይሰልፋይድ ይሆናል። ከመልኮቹ አንዱ ወፍራም ሆኖ ሲቀዘቅዝ ከዜሮ በታች 90 ዲግሪ አካባቢ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው በድንገት ይዘላል፤ እጅግ ሲሳሳ ግን ይህ ዝላይ ሊጠፋ ይችላል። የዝላዩ ምክንያት ለብዙ ዓመታት የኤሌክትሮኖች መገፋፋት ብቻ ተደርጎ ሲነገር ቆይቷል። አሁን ግን ንብርብሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ መጣመራቸውስ ምን ያህል ድርሻ አለው እያሉ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። ስለዚህ የንብርብሮቹ ቁጥር ጎዶሎ ይሁን ሙሉ፣ የቱስ በየቱ ላይ ይረፍ፣ ራሱን ችሎ የሚለካ ጥያቄ ሆኗል።